ወይዘሮ ወርቅዬ ቱሉ፣ የሰባት ሴቶች ልጆች እናት

ወይዘሮ ወርቅዬ ከአባታቸው ከአቶ ቱሉ በንቲና ከእናታቸው ከወይዘሮ በቀለች ዲንሳ በ1925 ዓ.ም. እዚሁ ለቡ ተወለዱ። ይህን የምታነበው ታናሽ እህታቸው ንግስት ናት። ከቤተሰቡ ፊደል የቆጠረች እሷ ብቻ ስለሆነች ጻፊ ተብላ ነው።

ወይዘሮ ወርቅዬ ትምህርት ቤት አልገቡም። በ1940 ዓ.ም.፣ በዐሥራ አምስት ዓመታቸው፣ ለአቶ ለሜሳ ፈየራ ተዳሩ። ከ1942 እስከ 1954 ዓ.ም. ስድስት ልጆች ወለዱ፤ ስድስቱም ሴቶች። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ለወንድ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። የእሳቸው ቤት ሰባት እልልታ ሰምቶ አያውቅም። ክርስትና በተነሣ ቁጥር እንግዳው ሁሉ የሚቀጥለውን ወንድ ያድርግልሽ ብሎ መረቀ። ልጅ በዕድሉ ያድጋል ተባሉ። ወንድ ካልወለዱ መሬቱን የባላቸው ወንድም እንደሚወስደው፣ ሴቶቹም በየዘመዱ እንደሚበተኑ ተነገራቸው። አቶ ለሜሳ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሰው አፍ ግን ይፈራሉ።

ስድስተኛዋ ስትወለድ ብዙ ደም ፈሰሳቸው። ሐኪም ዳግመኛ ከወለዱ እንደማይተርፉ ነገራቸው። በ1955 ዓ.ም. ትንሿን አዝለው አባታቸው ቤት መጡና አትመልሱኝ ብለው ለመኑ። በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌ መጣ። አባታቸውም ጥሎሽ የበላ ሰው ልጁን አይደብቅም ብለው ወደ ባላቸው መለሷቸው። ንግስት እስከ ወንዙ ሸኘቻቸው።

ለራሳቸው ያላገኙትን ለእህታቸው አደረጉ። ጎመን ተሸክመው ከተማ ድረስ እየሸጡ ደብተር ገዙላት። ንግስት ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት።

ሰባተኛዋ ልጅ ባለፈው ሰኞ፣ ሰኔ 6 ቀን 1958 ዓ.ም. ተወለደች። ሴት ናት፤ ደህና ናት። የእናቷ ደም ግን አልቆመም። ሰኔ 8 ቀን በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ ሽማግሌዎች ወደ አባታቸው ቀረቡ። በደንቡ የሞተችን ሚስት እህቷ ትተካለችና ልጆቹ የእንጀራ እናት እንዳያዩ፣ ወንድ ልጅም እንዲገኝ ንግስት ትሰጠን አሉ። አቶ ቱሉ እሺ ብለዋል። ንግስትን የጠየቃት የለም።

የሟችን የመጨረሻ ቃል የሰማች ግን እሷ ብቻ ናት። እጇን ይዘው እንዲህ አሏት፦ «ልጆቼን አደራ። እሱን ግን እንዳታገቢ። የእኔ ሞት ይበቃል።»

ወይዘሮ ወርቅዬ ባለቤታቸውን፣ አባትና እናታቸውን፣ እህታቸውንና ሰባት ሴቶች ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ንግስት አደራውን ተቀብላለች፤ ልጆቹን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ፊደል ታስቆጥራለች። አትዳርም። አባቷ ከፊቷ ቆመዋል፣ ሽማግሌዎቹም እዚሁ ናቸው፣ የምትሸሽበትም ቤት የላትም። ስለዚህ ቄሱም ሕዝቡም እየሰማ በመቃብሩ አፍ ላይ ታነበዋለች።

በቁማቸው ያላሳረፍናቸውን እህታችንን እግዚአብሔር በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን።