ከኮዱ አናት ላይ የተፋቀው ስም

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 6, 1998

እዚህ እንኳ ስጽፈው ያሳፍራል... ወንድሜን ጉልላትን ምሳ የጋበዝኩት ናፍቆኝ አይደለም። የምጽፍበት የአማርኛ መጽሔት ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው፣ ለዓምዴ ወሬ አጥቼ ነው። ካልጋሪ ዳውንታውን፣ ፎቆቹን በሚያገናኘው መተላለፊያ፣ ፕላስ ፊፍቲኑ ላይ፣ ሳንድዊች ይዘን ተቀመጥን። ፊቱ ጠቁሯል።

"ምነው ጉሌ፣ ፍቅር ያዘህ?"

"ኧረ ሥራ ነው፣ እታለም።"

ኩባንያቸው ለነዳጅ ፈላጊዎች ኮምፒዩተር ውስጥ የሚሰካ ካርድ ይሸጣል። ካርዱን ሊኑክስ ከሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት፣ ግማሹ የአንድ ጀርመናዊ ተማሪ ሥራ ነው። ልጁ በነፃ ነው የሰጠው። ውሰዱ፣ ሽጡትም፤ ብቻ ኮዱን፣ የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ ማንም እንዲያነበው ክፍት አድርጉ፣ ስሜንም ከላዩ አታንሱ... ላይሰንሱ፣ የፈቃድ ውሉ፣ የሚለው ይህንኑ ነው። እነሱ ግን ስሙን አጥፍተው፣ ኮዱን ዘግተው ሸጡት።

"የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ስሙን እንድንመልስ፣ ኮዱንም እንድንከፍት አለቃዬን ላሳምነው ነው። እስከዚያ ለማንም እንዳትናገሪ።"

"እኔ? ምን በወጣኝ!"

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 7

ስም አልጠራሁም እኮ... "አንድ የዳውንታውን ልጅ" ነው ያልኩት። ጋሼ ኪራኮስ ጋ ደወልኩ፤ ሀገር ቤት ብራና ጸሐፊ ነበሩ።

"ልጄ፣ ከመጽሐፍ ላይ ስም የፋቀማ የተገዘተ ነው!" አሉኝ።

ወይ ግሩም! ርእሱን "ስም ፋቂዎቹ" ብዬ ላክሁት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 10

መጽሔቱ ወጣ። ስልኬ ሲጮህ ዋለ። "ጉልላት ነው አይደል?" ይሉኛል። ካልጋሪ ውስጥ ድራይቨር የሚጽፍ ሐበሻ ስንት አለና? ምን ነካኝ?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 14

የአንድ የጉልላት ባልደረባ ሚስት ሐበሻ ናት። ተርጉማ ለባሏ አነበበችለት፤ ከባሏ ደግሞ የጉልላት አለቃ ጋ ደረሰ። ሐሙስን እንኳ ሳይጠብቁ የመግቢያ ባጁን ተቀብለው አባረሩት። ኮዱም እንደተዘጋ ቀረ።

ኮራል ስፕሪንግስ፣ ቤቱ ሄድኩ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"የሰደብኩት አለቆችህን ነው፣ ጉሌ።"

"ስሙን በእጁ የፋቀው ማን መሰለሽ? እኔ ነኝ እኮ እታለም። ፕሮቤሽን፣ የሙከራ ጊዜ ላይ ነበርኩ። አጥፋው አሉኝ፣ አጠፋሁት። ሐሙስ ልመልሰው ነበር።"

ኮቴን ሳላወልቅ ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 26

ዛሬ ራሱ ደወለ። ለጀርመኑ ልጅ ጥፋቱን ዘርዝሮ ኢሜይል ልኮለት ነበር። መልስ መጥቷል።

"ምን አለ?" ልል ስል... ምላሴን ነከስኩ።

"ቅዳሜ እኔ ጋ ምሳ ብላ" ብቻ አልኩት።

"እሺ፣ እመጣለሁ።"

ቅዳሜ ይነግረኝ ይሆናል። ከነገረኝ፣ ደግሞም ከፈቀደልኝ፣ ልጁ ያለውን እዚህ እጽፈዋለሁ።