«ነበሩ» ስላልኩዎት

ውድ እትዬ ሸዋገነት፣

ስልኬን እንደማያነሱ ስለገባኝ ነው መጻፌ። ከእሑድ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። እስከ ፌርማታው እሄድና «አስኮ፣ አስኮ» የሚል ታክሲ ሲመጣ እመለሳለሁ። ልጅዎ ቤት ድረስ ብመጣ ናዝራዊት በምን ዓይኗ ታየኛለች?

ነገሩን ከሰው አፍ ቢሰሙትም ከእኔው ይስሙት። ወረዳው ሰፈራቸውን ያገለገሉ ሰዎችን ሊሸልም «ጠቁሙ» ሲለን፣ እድራችን በአንድ አፍ እርስዎን አለ። አልጋ የያዘ ጎረቤት የሚያጥብ፣ የሚያገላብጥ፣ ጠያቂ የሌለውን የሚያጎርስ ከእርስዎ ሌላ ማን አለን? «ጸሐፊው አንተ ነህ፣ ታሪካቸውን ጻፍና እሑድ አንብብልን» አሉኝ። እኔ ደግሞ የሰው ታሪክ ጽፌ የማውቀው ለቀብር ብቻ ነው። እጄ ወደ ለመደው ሄደ። እሑድ ስብሰባው ላይ ቆሜ፣ በዚያው በቀብር ድምፄ፣ «ወይዘሮ ሸዋገነት ከአባታቸው ከአቶ አምሐ በጎጃም ተወለዱ። ደግ፣ ሰው ወዳድ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» ብዬ አነበብኩ።

ሽማግሌዎቹ ከልማድ ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አርፍዳ የመጣችው እፀገነት በሩ ላይ ይህን ሰማችና ነጠላዋን ዘቀዘቀች። «መቼ?» አለች፤ መልስም ሳትጠብቅ እያለቀሰች ወጣች። ለናዝራዊት የደወለችው እሷ ናት። ናዝራዊት እየጮኸች ከአስኮ መጥታ እርስዎን ጓሮ የበሽተኛ አንሶላ ሲያሰጡ ስታገኝዎት ከነአንሶላው አቀፈችዎት አሉ። እርስዎም «ይሄ ልጅ ካልቀበረኝ እንቅልፍ አይወስደውም» ብለው አብረዋት ሄዱ። ሰፈሩ እስካሁን ይስቃል። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ስጽፈው አልቅሼ ነበር፣ እትዬ። እናቴን አልጋ ላይ ሳለች ያጠቧት እርስዎ ነዎት። በመጨረሻዋ ሰዓት የጠራችውም የእኔን ስም አይደለም፣ የእርስዎን ነው። ያኔ ምንም አላልኩዎትም፤ ምን እንደሚባል አላውቅማ። ሰው ተነሥቶ ሰውን ሲያመሰግን የሰማሁት ሬሳ ፊት ብቻ ነው። እወድዎታለሁ ለማለት የነበረኝ ቃል ያው «ነበሩ» ሆነ።

ሐሙስ የወረዳው መራጮች ወደ እድራችን ይመጣሉ። ተጠቋሚው ራሱ ካልተገኘ ስሙ ይሰረዛል ብለውናል። «ሽልማት ምን ያደርግልኛል» እንደሚሉ አውቃለሁ። ሽልማቱ ቢቀር ይቅር። ግን ያ ወንበር ባዶ ከሆነ እውነትም የቀበርኩዎት ነው የሚመስለኝ።

ጽሑፉን እንደ አዲስ ጀምሬዋለሁ። «ናቸው»፣ «ያጥባሉ»፣ «ያጎርሳሉ» እያልኩ። አሁን ደግሞ እፀገነት «ጎጃም ብሎ ማን ነገረህ፣ የሸዋ ሰው ናቸው» ትለኛለች። ለስንት ሰው ጽፌ ቆሜ አነበብኩ፤ አንዳቸውም ቀና ብለው «ተሳስተሃል» አላሉኝም። እርስዎ ግን ይችላሉ። ይምጡና ሰው ፊት ያርሙኝ።

ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ፌርማታው ላይ የሚጠብቅዎት፣
መዝገቡ