በስልክ የካድኳት ልጄ

ማንታይ፣ ዩታ
ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019

ለልጄ ለጄሪሊን፣

እንዴት ነሽልኝ? ፒትስበርግ መቀዝቀዝ ጀመረ? እዚህ ሦስተኛውን የአልፋልፋ መኖ አጨዳ ጨርሰናል። እናትሽ ኮክ በጠርሙስ እያሸገች ነው፤ ጓዳው ሞልቶ አሁን ጠርሙሶቹን አልጋ ሥር መደርደር ጀምራለች። እኔን ግን «ብላ» እና «እግርህን አንሳ» ከማለት በቀር አታናግረኝም። ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው። የቤታችንን ነገር ታውቂዋለሽ፤ እኛ የምንጣላው በትሕትና ነው።

ምክንያቱን ከእህትሽ ከጃኒል ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ደወለች። ሞርሞኖች ከሌላው አሜሪካዊ በአኗኗር፣ በጠባይና በፖለቲካ በምን እንደሚለዩ የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው የላኳት። «ሞርሞን አትበይን» ብዬ የቤተ ክርስቲያናችንን ሙሉ ስም እስከ መጨረሻው አስተማርኳት። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ወረቀቴ ላይ እንዲህ ብለው ነው የጻፉልኝ» አለች፣ ምስኪን።

«ቡና ይጠጣሉ?»

«ቤተ ክርስቲያናችን ይከለክላል፤ በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም።»

«አንድ ቀን እንኳ?»

«ሽታውን ግን እወደዋለሁ። እሱንም ጻፊው!»

ሳቀች። እኔም ልቤ አበጠ። ጎረቤት ትረዳለህ ወይ ስትለኝ የአርቪላን ጣሪያ ጥገና አወራሁላት፤ ባሏ የሞተ ሳምንት ሃያ ሁለት ሆነን ወጥተን ምሳ ሳይደርስ እንደጨረስነው። እውነት ነው፤ እሱን አልዋሸሁም። ቁጡ ነህ ወይስ ታጋሽ አለችኝ። «ታጋሽ!» ስል እናትሽ ከወጥ ቤት «እህ እህ» ብላ ሳለች። የምትመርጠው ማንን ነው ስትለኝ «ሪፐብሊካንን፣ እንደ አባቴ» አልኩ።

«ልጅዎ ከሌላ እምነት ወይም የሌላ ፓርቲ ደጋፊ የሆነ ሰው ቢያገባ ቅር ይልዎታል?»

«ኧረ በጭራሽ! እኛ ሰው አንለይም።»

ይህን ስል የአንቺና የራፋኤል የሰርግ ጥሪ ፊት ለፊቴ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ ነበር። እያየሁት ነው ያልኩት። ከመጣ ሁለት ሳምንት አልፎት መልስ አልሰጠሁበትም። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «በጭራሽ» አልኩ።

ቀጥላ «ስንት ልጆች አሉዎት?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ አላጣሁትም። አምስት ብል «ስንቱ በእምነታቸው አሉ?» ትለኛለች፤ አንቺ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተሻልና «አራቱ» ልል ነው። እስከዚያች ደቂቃ አንዲት ነጥብ አልጣልኩም ነበርና «አራት» አልኳት።

«አራቱም በቤተ ክርስቲያን ናቸው?»

«አራቱም።»

«እንዴት የታደሉ አባት ነዎት!» አለች። አመሰገንኳት፣ ልጄ። አመሰገንኳት! ዞር ስል እናትሽ እጇ በኮክ ጭማቂ እንደራሰ በሩ ላይ ቆማለች። ቢላዋዋን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ትናንት ላርመው ብዬ ደወልኩ። አንድ ሰውዬ አነሳ። «ልጆቼን ስቆጥር ተሳስቻለሁ» አልኩት። እንዳያሾፍብኝ ፈርቼ ነበር፣ ግን ጨዋ ነው። «ጌታዬ፣ ስም ስለማንይዝ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ አናውቅም። ከሌሎቹ ጋር ተደምሯል» አለኝ። አንድ ቦታ ላይ፣ ሞርሞኖች ከሌላው አሜሪካዊ ትንሽ ይሻላሉ የሚል ወረቀት ይወጣል እንግዲህ። ያቺ «ትንሽ» አንቺን አውጥቼ የጨመርኳት ናት።

ሰውዬው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ የጃኒል ሰርግ ትዝ አለኝ። አንቺ ለምእመን ብቻ የሚሰጠው፣ ቤተ መቅደስ የሚያስገባው ወረቀት ስላልነበረሽ ደጅ ሣሩ ላይ ቆየሽ። በማርች ብርድ የሁላችንን ኮት ታቅፈሽ ሁለት ሰዓት ቆመሻል። ስንወጣ እየሳቅሽ ኮታችንን አደልሽን፣ ለፎቶም ቆምሽ። እኔ አባትሽ ያልኩሽ «በረደሽ እንዴ?» ብቻ ነው። ደግሞ መልስሽን ሳልጠብቅ ከእንግዶቹ ጋር ሄድኩ። በስልክ የዋሸሁት አዲስ ውሸት አይደለም ለካ።

ይቅርታ ለማለት ስንት ወረቀት ቀደድኩ መሰለሽ። ሰው ፊት ቆሜ ስለ ይቅርታ ሠላሳ ዓመት ሰብኬ፣ ለገዛ ልጄ አንዲት መስመር መጻፍ አቃተኝ። ይቅር በይኝ። አፍሬብሽ ነበር፤ አሁን በራሴ አፍሬያለሁ።

የጥሪው መልስ መስጫ አብሮ አለ። «የሚመጡት ስንት ናቸው?» የሚለው ላይ «ሁለት» ብዬ ሞልቻለሁ። እናትሽ ገና አላየችውም፤ ፖስታውን ሳልዘጋ ጠረጴዛው ላይ እተውላታለሁ። ቡናውን በእኔ ምክንያት እንዳታስቀሩት።

እኔን ማየት ካልቻልሽ ግን አልቀየምሽም። ሁለቱን ሰርዘሽ አንድ አድርጊው። እናትሽን እስከ በሩ በመኪና አመጣታለሁ፤ እኔ ውጭ እጠብቃለሁ። ብርድ ከሆነም የእንግዶቹን ኮት እይዛለሁ።

ጌታ ቤታችሁን የሰላም ቤት ያድርገው። ራፋኤልንም እንዳንቺው ይጠብቅልኝ።

የጃኒል፣ የዱዌን፣ የጄሪሊን፣ የኬንት እና የብሪታ አባት፣
ላማር