አኮርዲዮኔ ያለ ፊርማ አይወጣም

ግንቦት 27 ቀን 1999
ዝናብ። ስድስተኛ ክፍሎችን መዝሙር አስተማርኩ፤ ግማሾቹ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ከሰዓት አኮርዲዮኔን ወለወልኩት። ጣሊያን ሠራሽ ነው፣ በሁለት ዙር እቁብ የገዛሁት። ሌላ ንብረት የለኝም፤ ቤቱም የኪራይ ነው።

ሰኔ 4
የሚሌኒየም በዓል ኮሚቴ ሰብሳቢው አቶ መልአኩ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። አኮርዲዮኑን እስከ መስከረም ለኮሚቴው ባንድ አውሺን አለኝ።
"እኔው ልጫወትላችሁ።"
"ተጫዋች አለን፣ ቲቸር ሰገነት። የጎደለን ዕቃው ነው።"
"ቢሰበርስ?"
"የመንግሥት ሥራ ነው፤ ምን ያሰጋሻል?"
ምን ያሰጋኛል! በደርግ ጊዜ ቀበሌው የአባባን አኮርዲዮን ለአንድ ስብሰባ ብሎ ወሰደ። አባባ እስኪሞት ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይል ነበር...
"መጀመሪያ ኢንሹራንስ ይግባለት" አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሰኔ 12
ለኢንሹራንስ በጀት የለንም አሉ። እሺ፣ ራሴ አስገባዋለሁ! ወላይታ ሶዶ ወዳለው ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድኩ። ፀዳለ የምትባል ሠራተኛ ፎርሙን አገላበጠች።
"መኪና አለ፣ ቤት አለ፣ የሱቅ ዕቃ አለ... አኮርዲዮን የለም።"
"ጻፊበታ!"
ዋናውን መሥሪያ ቤት ልጠይቅ አለች። እስከዚያ የባለሙያ ግምት ያምጡ ተባልኩ።

ሰኔ 19
ቦዲቲ። ሬዲዮም አኮርዲዮንም የሚጠግነው ኤርካሎ ጋ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነካ አዳመጠ። ሲጨርስ በወላይትኛ ጠየቀኝ፣ "ለማን ልትሸጪው ነው?"
"ለማንም።"
"እንግዲያው ለገዢ ብዬ ግምቱን አላሳንሰውም" አለና ጻፈ። ማኅተም ስለሌለው ሁለት ጊዜ ፈረመበት።

ሐምሌ 9
ተፈቀደ! ውሉ እጄ ገባ። ፀዳለ አንዱን አንቀጽ በጣቷ አሳየችኝ፦ ለሌላ ሰው ሲሰጥ፣ ተረካቢው ፈርሞ ካልወሰደ ካሳ የለም።

ሐምሌ 11
አቶ መልአኩ ወረቀቱን አነበበና መለሰልኝ።
"እኔ አልፈርምም።"
"በኮሚቴው ስም ይፈርሙ።"
"መንግሥትን አታምኚም ማለት ነው?"
ፈራሁ። ግን "የጠየቅኩት ፊርማዎን ነው" አልኩት።
ቤት ስደርስ ወንድሜ ዮሴፍ ሰምቶ ጠበቀኝ። "አበድሽ እንዴ? ሥራሽን ቢነኩትስ?"
"ይንኩት!"
ይንኩት አልኩ እንጂ... እራት አልበላልኝ አለ።

ነሐሴ 20
የዝውውር ደብዳቤ። ወደ ገሱባ። ምክንያቱ "ለሥራው ቅልጥፍና" ይላል። ዮሴፍ "ሂጂና ስጪው፣ ዝውውሩን ይተዉልሻል" አለኝ። አልሄድም። አለቀስኩ... ግን አልሄድም።

መስከረም 3 ቀን 2000
በዓሉን በካሴት አሳለፉት አሉ።

መስከረም 9
አድራሻ ላስቀይር ፀዳለ ጋ ሄድኩ።
"ገሱባ? መንገዱ መጥፎ ነው፤ የሚከፍሉት አረቦን ይጨምራል።"
"ይጨምር።"
አኮርዲዮኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተሳፈርኩ። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር አኮርዲዮኑ እህ ይላል። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

ጥቅምት 14
የገሱባው ርዕሰ መምህር አቶ እሸቴ አኮርዲዮኑን ለወላጆች በዓል ጠየቁኝ። እኔ ልጆቹን ስለማስዘምር ሌላ መምህር ይጫወትበት አሉ። ውሉን አውጥቼ አንቀጹን አሳየኋቸው። የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቼ፣ ለጠብ ተነስቼ...
እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አወጡ።
"የቱ ጋ ነው የምፈርመው?"
ፈረሙ። ማኅተምም አደረጉበት።
ሃያ አራት ዓመት አስተማርኩ። ለደመወዝ፣ ለመዋጮ፣ ለስብሰባ... ስፈርም የኖርኩት እኔ ነኝ። አለቃ ለእኔ ሲፈርም ዛሬ የመጀመሪያው ነው።