አባባና የጠዋቷ ስልክ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ፣ ለቤታችን የበኩር ልጅ፤

እንደምን ከርመሃል? ሥራው፣ ብርዱ፣ የሰው አገሩ እንዴት ይዞሃል? ወገብህንስ ተሻለህ? ናፍቆትህ እንዳለ ነው፤ እማዬ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ማለቷን አልተወችም። ከዚህ ቀጥዬ «እኛ ሁላችን ደህና ነን» ማለት ነበረብኝ፤ የደብዳቤ ወጉ እንዲህ ነውና። ዛሬ ግን ዘልዬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስታነበው ይገባሃል። በስልክ እንዳልነግርህ፣ አንተ በደወልህ ቁጥር ቤተሰቡ ስልኩን ከቦ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ሲል አንዲት ቁም ነገር ሳትወጣ ይዘጋል።

አትደንግጥ፤ አባባ ይህን ስጽፍ ከስፌት ሱቄ ደጅ ተቀምጠው «እጅሽ ከአፍሽ ቢፈጥን ኖሮ ይሄኔ ሀብታም ነበርሽ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ግን ታመው ነበር፤ ክፉኛ ታመው ነበር።

ልባቸው እንደደከመ ታውቃለህ። ቀደም ሲል በየወሩ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ስንመላለስ፣ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ጠብቀን ሐኪሙ የሚያያቸው እኔ መርፌ ላይ ክር እስካስገባ ድረስ ብቻ ነበር። የአውቶቡሱ ግፊያ ራሱ ሌላ በሽታ ነው። ዘንድሮ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ አዲስ ዘዴ አመጣ። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩ ራሱ ይደውላል፤ የተቀዳ የሴት ድምፅ ነው። «እንደምን አደሩ? ዛሬ እንዴት ነዎት? ደህና ከሆኑ አንድን፣ ካልሆኑ ሁለትን ይጫኑ» ትላለች። ሁለትን የተጫነ ሰው ካለ ነርሷ ወዲያው ትደውልለታለች፤ ሌላው በቤቱ ይረፍ። ጥሪው በነጻ ነው፤ አንዲት ነርስ ከወንበሯ ሳትነሣ የሰፈሩን የልብ ሕመምተኛ ሁሉ ትከታተላለች። እኛም እሰይ አልን። አባባማ ወደዷት፤ «የጠዋቷ ልጅ» ብለው ስም አወጡላት። ስትደውል የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ አንቺስ እንዴት አደርሽ ልጄ?» ይሏታል፤ ከዚያ አንድን ይጫናሉ። ሳትመልስላቸው ስትዘጋ ሥራ በዝቶባት ነው ብለው ያዝኑላታል።

እያደር ግን ማታ ማታ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር፤ ትራስ ደራርበው ካልሆነ አይተኙም። ጫማቸውን ሳያስሩ ይወጣሉ። ምን ሆነው ነው ስላቸው እርጅና ነው ይሉኛል። አንድ ቀን ከበር ሳይርቁ ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ፤ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ጎረቤታችን ባለታክሲው አፈፍ አድርጎ ጤና ጣቢያ አደረሰን። ነርሷን ከንግግሯ ፍጥነት የተነሣ ሲስተር ችኩል ነው የምንላት። ስክሪኑን ከፍታ ስታይ ግራ ገባት፤ የአባባ መልስ ከላይ እስከ ታች አንድ፣ አንድ፣ አንድ ነው። «አባቴ፣ እግርዎ እንዲህ አብጦ ለምን ደህና ነኝ አሉን?» አለቻቸው። አባባ የኦክስጅን ጭምብላቸውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው፣ «የሰው ልጅ በጠዋት ተነሥታ ጤናዬን ስትጠይቀኝ በሽታዬን ልዘርግፍባት?» አሉ። ሲስተር ችኩል ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳቋ አመለጣት። እኔ ግን ወጥቼ አለቀስኩ። በጨዋነታቸው ልናጣቸው ነበር፣ ወንድሜ።

ሆስፒታል ሰንብተው ሲመለሱ ሲስተር ችኩል ቤታችን ድረስ መጣች። መካኒክ እንደነበሩ ነግሬያት ነበርና «ሰው መኪና ሲያመጣልዎ፣ መኪናውን እንዴት ነህ ይሉታል?» አለቻቸው። «ምን በወጣኝ! ኮፈኑን ከፍቼ ዘይቱን አያለሁ እንጂ» አሉ። ሄዳ የተቀዳውን ንግግር አስቀየረችው። አሁን የጠዋቷ ልጅ እንዴት ነዎት አትልም። ማታ በስንት ትራስ ተኙ፣ ጫማዎ ጠበበዎት ወይ፣ ከአልጋዎ እስከ በር ሲሄዱ አረፍ አሉ ወይ እያለች ነው የምትጠይቀው። ይህ ሰላምታ አይደለምና አባባ ቁልጭ አድርገው እውነቱን ይመልሳሉ፤ እንዲያውም ተሳስቼ እንዳልሆን ብለው መኝታ ቤት ተመልሰው ትራሱን ያያሉ። ባለፈው ሳምንት ጫማው ጠበበኝ ብለው ቁጥሩን ተጫኑ። ሲስተር ችኩል ወዲያው ደወለች፣ ሐኪሙን አማክራ መድኃኒታቸውን አስተካከለች፣ እብጠቱም ጎደለ። አውቶቡስ አልተጋፋን፣ ሱቄን አልዘጋሁ። አባባ ብቻ «ልጅቷ ሰላምታ ነፈገችኝ» እያሉ ያኮርፋሉ።

አንተም የአባትህ ልጅ ነህ፣ ወንድምዬ። በደወልህ ቁጥር ደህና ነኝ ትላለህ፤ እኛም አምነን እንዘጋለን። ባለፈው በቪዲዮ ሳይህ ኮትህ ትከሻህ ላይ ተንጠልጥሏል። ያን ኮት በልክህ የሰፋሁልህ እኔ ነኝ፤ እኔን ልታታልለኝ አትችልም። ስለዚህ ከላይ የጠየቅሁህን ሁሉ ለወጉ ያህል ቁጠረው። አሁን ኮፈኑን ልክፈት፦ ትናንት እራት ከማን ጋር በላህ? ቀበቶህን የምትቆልፈው የቱ ቀዳዳ ላይ ነው? ከት ብለህ ከሳቅህ ምን ያህል ጊዜ ሆነህ? እማዬ እንዳትሰማ የምትፈልገውን ለብቻው በሌላ ወረቀት ጻፍልኝ፤ እኔ እችለዋለሁ።

እማዬ ዓይንህን ትስምሃለች፤ ሹራብ ደርብ ብላሃለች። ትንሿ ልጄ የላክህላትን እርሳስ አልቀርጽም ብላ ደብቃዋለች፤ አጎቴ ሲመጣ ነው የምቀርጸው ትላለች። ባለታክሲው ሰላም ብሎሃል። አብሮህ ለሚኖረው ልጅም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ አደራ፣ ከጎንህ እንዳይለይ በለው።

አባባ «ደህና ነው በይልኝ» ብለውኛል። እኔ ግን እውነቱን ልጻፍልህ፦ ትናንት በአንድ ትራስ ተኙ፤ ዛሬ ጠዋት ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ራሳቸው አሰሩ።

የምትናፍቅህ ታናሽ እህትህ

ከልብስ ስፌት ሱቄ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ