የቤታችን ልብ ታማሚ

ጥቅምት 24
ጋሼ መሸሻ ዛሬም ሊሞት ነበር። ምሳ ላይ። እትዬ ወይንሸት ስለ አንድ ሰውዬ "የሻምቡ ሰው ነው እኮ" አለች። ጋሼ "የጊምቢ ነው!" አለ። (እዚህ አንቱታ የለም፣ ደብተሩ የእኔ ነው።) የሻምቡ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። መርታት ሲያቅተው እጁ ደረቱ ላይ... "ልቤን! ውሃ!" እትዬ ደንግጣ "እሺ በቃ፣ የጊምቢ ይሁን" አለች። ወዲያው ዳነ። እንጀራ ጨምሩልኝ አለ።

እናቴ ከአኖ እዚህ ነቀምቴ፣ እህቷ እትዬ ወይንሸትና ባሏ ጋሼ ቤት የላከችኝ ትምህርት እንድማር ነው። እየተማርኩ ነው።

ጥቅምት 27
የትምህርት ቤታችን ቀይ መስቀል ክበብ ገባሁ። ብስኩት ይሰጣል ተብሎ ነበር። ውሸት ነው። ሲስተር ኢልሃም የምትባል ነርስ መጥታ ስለ ልብና ስለ ስትሮክ አስተማረችን። የልብ ሕመም ሁሌ ደረት አያስጨብጥም አለች። መንጋጋ ሊሆን ይችላል፣ ክንድ፣ ጀርባ... ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ። ሴቶች ላይ ደግሞ ይደበቃል። "በሽተኛውን በእግሩ አታስኬዱ። አትክበቡ።"

አትክበቡ ስትል ሳቄ አመለጠኝ። ነቀምቴ ውስጥ? እዚህ ሰው ከወደቀ መጀመሪያ የሚደርሰው ክብሪት የሚጭር ነው። ቀጥሎ ሎሚ የያዘ። ከዚያ ከተማው በሙሉ።

ጥቅምት 30
የተማርኩትን ሽማግሌ ላይ ሞከርኩ። ጋሽ ቢረሳው፣ የእነ እትዬ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። ስትሮክ እንዳለበት ላጣራ...
"ጋሽ ቢረሳው፣ እስቲ ፈገግ ይበሉ።"
"በምን ምክንያት?"
"ሁለቱንም እጅዎን ያንሱ።"
"ምን ሰርቄ!"
"እሺ፣ የሆነ ነገር ይናገሩ።"
ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። እስኪመሽ ተናገረ። አንደበቱ ፍጹም ጤነኛ ነው። የታመምነው እኛ ነን።

የጋሼንም የልብ ምት ለካሁ። የደብር ከበሮ! "ደህና ነዎት" ስለው ተቀየመኝ። "ያቺ ሲስተርሽ ምን ታውቃለች?"

ኅዳር 5
እትዬ ጥርሷን ያማታል። ቅርንፉድ ነክሳ ነው የምትውለው። የትኛው ጥርስ ነው ብላት መንጋጋዋን በሙሉ በእጇ ዳሰሰች። ከገበያ ስንመለስ እኛ ሰፈር ባኬ ጃማ ዳገቱ ላይ ቆም አለች። ጥርሷን ይዛ። ስታርፍ ተዋት። ስንቀጥል ያዛት።

ዳገት የሚቀሰቅሰው ጥርስ አለ እንዴ?

ሆስፒታል እንሂድ አልኳት። "ከሚካኤል በኋላ።" የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራው የእሷ ነው። ድግስ ሳይወጣ መታመም ነውር ነው። ለጋሼ ነገርኩት። "ጨጓራ ነው። ተልባ ትጠጣ።" ለጥርስ! ተልባ!

ኅዳር 9
ለሲስተር ኢልሃም ነገርኳት። ሳቅ የለም። "ዛሬ አምጫት" አለች። እትዬን ለመንኩ፣ አኮረፍኩ፣ አለቀስኩ። "ጠላዬን ማን ሊጠምቅልኝ?" አለችኝ። ልቧ ከሆነስ? ድንገት ብትወድቅስ? ለማን ልንገር? ቤቱ ውስጥ ልብ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ኅዳር 13
ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነኝ። ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ጽሑፌ አያምርም። ይሁን።

ትላንት ሳሎኑ በማኅበርተኛ ጢም ብሏል። እትዬ ወጥ ይዛ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ "ብሉ እንጂ፣ ምነው?" ትላለች። ጓዳ ስገባ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እትዬ፣ እንግዳ እያለ፣ ተቀምጣ! ፊቷ አመድ መስሏል። ላቧ ይቀዘቅዛል።
"ምንሽን ነው?"
"ጥርሴን... ግራ ክንዴም ዛለ።"
"ደረትሽስ?"
"ድንጋይ የጫኑበት ይመስላል። ዝም በይ፣ እንግዳ አለ።"

ሴቶቹ ከበቧት። እትዬ በዛብሽ፦ "ምች ነው! ዳማከሴ አምጡ!" ሌላዋ፦ "ዓይን ነው፣ ይሄን ድግስ ያየ ዓይን።" ከሳሎን ጋሼ፦ "ወይንሸት! ወጥ!"

ሲስተር ኢልሃም ጋ ደወልኩ። "ደገፍ አድርገሽ አስቀምጫት። አስፒሪን አለ? የማይስማማት ካልሆነ፣ ደም አስመልሷትም የማያውቅ ከሆነ ታኝከው። ቶሎ ሆስፒታል!" ጠየቅኳት፣ የለባትም። በጋሼ ሳጥን ውስጥ ደግሞ የሌለ መድኃኒት የለም። አኘከች።

ሳሎን ገብቼ "እትዬ ልቧን ታማለች" አልኩ።
ጋሼ ጉርሻውን እንደ ጠቀለለ፦ "ልብ የሚያመው እኔን ነው!"
ማንም አልሳቀም። እኔ እንኳ። ተነስቶ ጓዳ ገባ፣ አያት... ጉርሻው ከእጁ ወደቀ።

ጎረቤታችን ጂሩ ባጃጁን ደጃፍ አስጠጋ። ሴቶቹ "ቀሚሷን እንቀይርላት፣ በእግሯ ትውጣ፣ ሰው ምን ይላል?" ይላሉ። "አንድ እርምጃ አትራመድም!" ጮህኩ። ጋሼና ጂሩ ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸከሟት።

ልንሄድ ስንል ጋሽ ቢረሳው ባጃጁ ፊት ተገተረ። "ከማኅበር ቤት ሳይመረቅ አይወጣም!" ጀመረ። ከአብርሃም ተነስቶ። መቼ ሚካኤል ጋ ሊደርስ ነው? ጂሩ ክላክሱን እየነፋ ይጠራኛል፣ "አዴ ወይንሸት እየደከመች ነው! ዳፊ፣ ትሕትና፣ ፍጠኚ፣ ዳፊ!" ምን ላድርግ? ሽማግሌ አይገፋ።

በኃይል ጮኼ "አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር!" አልኩ።

አንዴ ከተጀመረ ማን ያቋርጣል? ሁሉም ተቀበለ። ጋሽ ቢረሳውም ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ጠጋ አለ። ምሥራቅ፣ ተመስገን፣ በአጥሩ በኩል ነው። መንገዱ ተከፈተ። "ወደ ፈተናም አታግባን" ሲሉ እኛ አስፋልት ላይ ነበርን።

ሐኪሙ የልቧ ደም ሥር ተዘግቷል አለ። ቶሎ መምጣቷ ጠቅሟታል። ግን ገና ነው፣ እናያለን አለ። እናያለን ምን ማለት ነው?

ኅዳር 15
ዓይኗን ገልጣ "ሳህኖቹ ተመለሱ?" አለች። ትተርፋለች ማለት ነው።

ጋሼ ከአግዳሚው አልተነሳም። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ።
"ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?"
"መቼ ትንገርዎት ጋሼ? ባዶ ሰዓት አለዎት?"
ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ባርኔጣውን አገላበጠ። "የለኝም" አለ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

ኅዳር 21
ቤት ገባች። ሐኪሙ እረፍት፣ ጨው የሌለው ምግብ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ብሏል። ጋሼ ሽሮ ሠራ። ሽሮ ነው አለ እንጂ እኔ ማስረጃ አላየሁም። እትዬ በላችለት።

ኅዳር 28
ጠያቂ አላለቀም። ሁሉም ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ተቀምጦ በልብ የሞተ ሰው ታሪክ ያወራል። ጋሽ ቢረሳው ዛሬ የአርጆ ሰውዬ ነበረው። "ልክ እንደ ወይንሸት፣ ተሽሎት፣ ስቆ፣ በልቶ... በሳምንቱ አረፈ።" እትዬ በዛብሽ የባሰ አላት። ሌላዋም። ላስወጣቸው ተነሳሁ፣ ጋሼ በዓይኑ አስቀመጠኝ። እንግዳ እንዴት ይባረራል?

እትዬን አየኋት። ከንፈሯ ደርቋል፣ ግን ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። "እህ... እህ... ውይ፣ ምስኪን..." እያለች። የራሷን ሞት እያስተናገደች!

ከዚያ መነቅነቋን አቆመች።
"ደክሞኛል" አለች። "ሂዱልኝ።"

እትዬ በዛብሽ የላጠችው ብርቱካን እጇ ላይ ቀረ። ጋሽ ቢረሳው አፉ እንደ ተከፈተ ጋሼን አየው። ጋሼ እትዬን አየ። ተነስቶ በሩን ከፈተላቸው።

በጥድፊያ ጫማ እየተቀያየሩ ወጡ። "ጤናውን ይስጥሽ" የሚላት ሰው ነበር፣ ግን አልመለሰችም። ማንንም ሳትሸኝ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።