የአባቷ ፊርማ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ያለ አባቷ ፊርማ አልነካትም አለ ሐኪሙ። እዚያው ፊቱ ላይ ልጮህበት ምንም አልቀረኝም።

የትርሲትን ግራ ዓይን በመብራት አየ፣ ቀኙን አየ፣ እንደገና ወደ ግራው ተመለሰ። ውስጡ የቀረ የብርጭቆ ስባሪ አለ። የሞተው ዓይን ካልወጣ ደህናውን ይዞት ይሄዳል አለኝ፤ ቀኙ መቅላት ጀምሯል፣ ጊዜ የላችሁም። እናቷ ነኝ፣ እኔ ልፈርም አልኩት። ባል አለሽ ወይ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ አላየሁትም። ተፋታችሁ? አልተፋታንም። እንግዲያው አካል ለመቁረጥ የሁለታችሁም ፊርማ ያስፈልጋል አለና ያየውን የጻፈበትን ወረቀት ሰጠኝ።

ወደ ሰበታ ስንመለስ አውቶብሱ ላይ ትርሲት «ምን አለሽ?» እያለች ጠየቀችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እነግርሻለሁ አልኳት፤ አልነገርኳትም።

ባሌ ደምሴ የዛሬ ስድስት ዓመት ፋኖሱን የወረወረው በእኔ ላይ ነበር። ጎንበስ አልኩ። ልጄ ከኋላዬ መቆሟን አላየሁም፤ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሲነጋ ጥሎን ጠፋ። ጎንበስ ባልል ኖሮ እያልኩ ይኸው ስድስት ዓመት።

ረቡዕ

ከፋብሪካው ፈቃድ ወሰድኩ። የክር ክፍሉ አለቃ አጉረመረመ እንጂ አልከለከለኝም።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ዣንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ አቶ መኩሪያ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ሁሉን ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝ። «በአዲሱ ሕግ አባትና እናት አንድ ላይ ሞግዚት ናቸው። እሱ ከተሻረ ብቻሽን ትሆኛለሽ፤ ያኔ ያንቺ ፊርማ ይበቃል» አሉኝ።

ሰው ከገዛ ልጁ ይሻራል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥሎ የሄደና የጎዳት ከሆነ ይሻራል፤ ግን ዳኛው በባዶ ቃል አይሽሩትም አሉ።

የሐኪም ወረቀት፣ አለኝ።
ምስክር፣ ኦቦ ጉተማ። ያን ቀን ጩኸቴን ሰምተው በሩን ገንጥለው የገቡት እሳቸው ናቸው።
ደምሴ ያለበት፣ አላውቅም።

ማታ ለኦቦ ጉተማ ነገርኳቸው። የተከራየሁት ቤት የእሳቸው ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። ሰምተው ሲጨርሱ «ቡራዩ ነው» አሉ። ከብት ሊሸጡ የሄዱ ጊዜ ድንጋይ ካባው ላይ ሲሠራ አይተውታል። ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አልነገሩኝም። ለምን አልኳቸው። «ሄደሽ ትገይዋለሽ ብዬ ፈራሁ» አሉ።

አልዋሹም።

ሐሙስ

ዳኛው ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከራሳቸው በላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ እኔ ደፍሬ ያየሁት እሱን ነው፣ ዳኛውን አይደለም። «አባት ሳይጠራ አባትነቱ አይነካም። መጥሪያውን አድርሺው፤ ማክሰኞ ይቅረብ» አሉ።

ልጅቷ ዓይኗ እየጠፋ ነው ጌታዬ አልኩ።

«ለዚህ ነው ማክሰኞ ያልኩሽ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰኔ እለው ነበር።»

ዓርብ

ከንፈሬ አብጧል፣ ምራቄ ደም ደም ይላል።

ከኦቦ ጉተማ ጋር ቡራዩ ሄድን። ካባው ውስጥ ድንጋይ ሲፈልጥ አገኘነው። ሸብቷል። ሳየው የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀስኩም። መጥሪያውን ሰጠሁት። ማንበብ ስለማይችል እኔው አነበብኩለት። በጣትህ ፈርምና ልጅቷ ትዳን፣ መጥሪያውን እቀድደዋለሁ፣ ሌላ ምንም አልፈልግብህም አልኩት። እውነቴን ነበር።

«ከፈረምኩ ዓይኗን እኔ አወጣሁት ማለት ነው። ልታሳስሪኝ ነው» አለ።

አንተ ነህ ያወጣኸው አልኩት።

በቡጢ አፌን አለኝ። ወደቅኩ። በእግሩ ጎኔን ሁለቴ መታኝ። ኦቦ ጉተማ በዱላቸው ገፉት፣ የካባው ሠራተኞችም መሀል ገቡ። ይሄን ጊዜ ማንም እኔን አልያዘኝም። ከተኛሁበት ጡጫ የሚያክል ድንጋይ አነሳሁና ግንባሩ ላይ አሳረፍኩት። ደሙ ፊቱን አለበሰው። እውነቱን ለራሴ ልጻፍ፤ ደስ አለኝ። ሁለተኛ ድንጋይ ሳነሳ ኦቦ ጉተማ ክንዴን ያዙኝ። «በቃ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። አንቺ ከታሰርሽ ልጅቷን ማን ያሳክማታል?» አሉኝ።

ደምሴ መጥሪያውን ቀዳዶ በተነው። ሁሉም ሰው አይቷል።

ቅዳሜ

ሥራ ገባሁ። ሴቶቹ አፌን አይተው ምንም አልጠየቁም። እያንዳንዷ ታውቃለች።

ግንባሩን መፍለጤን ለአቶ መኩሪያ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም፣ አላመሰገኑኝምም። ዳኛው ሳይጠይቁ አትናገሪ፣ ከጠየቁ አትዋሺ አሉኝ።

ትርሲት ፀሐይ አልችልም ብላ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ዋለች። ቀኙ ዓይኗ ያለቅሳል። ዛሬ ነገርኳት። አንዱ መውጣት አለበት አልኳት። «የማያየው?» አለች። አዎ። «ታዲያ ምን ያደርግልኛል፣ ይውጣ» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። በርጩማው ተገልብጧል።

ወደ ጅማ መንገድ ሮጥኩ። አውቶብስ መቆሚያው ጋ ደረስኩባቸው። ደምሴ ግንባሩን በጨርቅ አስሮ ትርሲትን በክንዷ ይጎትታታል። እጁን ነክሳዋለች፣ እሱም በጥፊ መትቷታል፤ ጉንጯ ላይ አምስቱም ጣቶቹ ይታያሉ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ያዙልኝ እያልኩ ስጮህ አንዱ «አባትየው እኮ ነው፤ የገዛ ልጁን ነው የወሰደው» አለ። ሌላውም ራሱን ነቀነቀ።

ዘልዬ አንገቱን አነቅኩት። በክርኑ ደረቴን መታኝ፣ ፀጉሬን ይዞ ከአውቶብሱ በር ጋር አላተመኝ። ልጅቷን ግን አልለቅም አለ። ትርሲት አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው፣ «ዓይኔን፣ ዓይኔን»። እንዳይመታት በሁለት እጇ ሸፍናዋለች።

ኦቦ ጉተማ ከየት እንደመጡ አላየሁም። ዱላቸው ሲወርድ ብቻ ሰማሁ። የእጁ አጥንት ሲሰበር ደረቅ እንጨት ሲሰበር ያለውን ድምፅ አወጣ። ያኔ ለቀቃት።

ፖሊስ መጣ። ደምሴን ወጌሻ ጋ ላኩት። ኦቦ ጉተማን አሰሯቸው። በስልሳ አምስት ዓመታቸው፣ እጃቸውን የፊጥኝ አስረው በገበያው መሀል ወሰዷቸው።

ያለኝ ምስክር እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሰኞ

ጣቢያው ቁርስ ወሰድኩላቸው። ከመስኮቱ «አከም ቡልቴ?» ብለው እንዴት አደርሽ አሉኝ፣ ቤታቸው ያለሁ ይመስል። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አወዛወዙ። ከሁሉ በፊት ልጅቷ እንዴት አደረች አሉ። ደህና ናት፣ ጎረቤት ደብቄአታለሁ አልኳቸው።

«እንኳን ሰበርኩት። ዳኛውም ቢጠይቁኝ ይኸንኑ እላለሁ።»

«ኦቦ፣ እባክዎ እንደሱ አይበሉ።»

ሳቁ። አንድ ጥርስ ብቻ የቀራቸው ያህል አርጅተው ታዩኝ።

አቶ መኩሪያ ምስክሩ በዘበኛ ታጅበው እንዲቀርቡ ጽፈው አስገቡ። መልስ የለም። ነገ ካልመጡ ምን እላለሁ?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

መጡ። ከፖሊስ ጋር፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው።

ደምሴም እኛን ሊከስ፣ ክንዱን ወጌሻ በቀርከሃ አስሮለት ቀረበ። ልጅቷ ዓይኗን ያጣችው በበሽታ ነው አለ፤ በኩፍኝ። ሥራ ፍለጋ ሄጄ እንጂ ጥያቸው አልሄድኩም፣ ይቺ ሴት ግንባሬን ፈለጠችኝ፣ ሽማግሌው እጄን ሰበረኝ አለ። ዳኛው እኔን አዩኝ። ግንባሩን ፈልጠሻል? አዎ ጌታዬ። ጻፉት። በዚህ አለቀ ብዬ አሰብኩ።

ኦቦ ጉተማ አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ፤ ዛሬ ግን ከአፋቸው የወጣው ኦሮምኛ ነው። አስተርጓሚው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨርሰው በአማርኛ «እኔ እንዲህ አጭር አልተናገርኩም፤ ሁሉንም ንገራቸው» አሉት። ሰው ሳቀ። ከዚያ ራሳቸው ተናገሩ። «በሩን ገንጥዬ ስገባ ልጅቱ ፊቷ ደም ብቻ ነው። ብርጭቆው ተሰክቷል። በዚህ እጄ ነቀልኩት። ይኸ ሰውዬ ጥግ ላይ ቆሞ ፋኖሱ ተሰበረ ይላል። ስለ ፋኖሱ ነበር የሚያወራው።»

ዳኛው የሐኪሙን ወረቀት አነሱ። ኩፍኝ ብርጭቆ ዓይን ውስጥ ይተዋል ወይ ብለው ጠየቁት።

ደምሴ ደሙ ፈላ። «እሷን ነበር ልመታ ያልኩት! ልጅቱን ማን ነካት? እሷ ጎንበስ ባትል ኖሮ ልጅቱን አያገኛትም ነበር» አለ።

የጸሐፊው ብዕር ብቻ ይጫራል። ደምሴ የተናገረውን ያወቀው ብዕሩን ሲሰማ ይመስለኛል። ወደ እኔ ዞረ፤ በደህና እጁ ሊይዘኝ ሲንደረደር ሁለት ዘበኞች አንቀው ወለሉ ላይ ጣሉት። የተሰበረው ክንዱ ከስር ሆኖበት ጮኸ። እኔ ቆሜ አየሁት። አላዘንኩለትም፤ ደስም አላለኝም።

ከሞግዚትነት ተሽሯል አሉ ዳኛው። ስለ ዓይኗ ዓቃቤ ሕግ እንዲከሰው ታዘዘ። የእኔ ድንጋይና የኦቦ ጉተማ ዱላ ሌላ መዝገብ ተከፈተላቸው። ኦቦ ጉተማ በዋስ ወጡ። ዋሳቸው አቶ መኩሪያ ናቸው፤ ሁለቱ ከዛሬ በፊት አይተዋወቁም ነበር።

ረቡዕ

ሐኪሙ የፍርድ ቤቱን ማኅተም አየ፣ ብዕር ሰጠኝ። ስሜን ስጽፍ አንድ ፊደል ዘለልኩ፣ ጨመርኩት።

አራት ሰዓት አስገቧት፤ ሰባት ሰዓት ሆኖ ወጣች። ግራው ተጠቅልሏል። ስለ ቀኙ ሐኪሙን ጠየቅኩት። በጊዜ መጣችሁ ለማለት ሁለት ሦስት ሳምንት ማየት አለብኝ አለ። አልዋሸኝም፣ ለዚህ አመሰገንኩት።

ማክሰኞ የእኔ ክስ ይሰማል። ልታሰር እችላለሁ። ከታሰርኩ ትርሲት ኦቦ ጉተማ ዘንድ ትቆያለች፤ ተነጋግረናል።

አሁን ነቃች። ውኃ ጠጣች። ቀኙን ገልጣ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ፊቴ ገና እንዳበጠ ነው። «አንቺም ይጠቅልሉልሽ» አለችና ተመልሳ ተኛች።